የዓለም አቀፍ ሠራተኞች ደመወዝ፦ ቀመሩን ማን ይቆጣጠራል?

በ2009 መገባደጃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አየርላንድ የመንግሥት ሠራተኞቿን ደመወዝ ቀነሰች። በዚያው ሰሞን የአውሮፓ ኮሚሽን ለአውሮፓ ኅብረት ሠራተኞችና ጡረተኞች 3.7 በመቶ ጭማሪ እንዲጸድቅ ሐሳብ አቀረበ። ሕዝባቸውን "መቀነታችሁን ጠበቅ አድርጉ" ሲሉ የከረሙት መንግሥታት ይህን ሊቀበሉት አልቻሉም። የአባል አገራት ሚኒስትሮች ምክር ቤት ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ 1.85 በመቶ ብቻ አጸደቀ። ኮሚሽኑ ምክር ቤቱን ከሰሰ። በኖቬምበር 2010 ሉክሰምበርግ የሚያስችለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ለኮሚሽኑ ፈረደ።

ውሳኔው ብዙዎችን አስቆጣ። ቁጣው የሚያስገርም አልነበረም፤ ዳኞቹ ግን ያስከበሩት ምክር ቤቱ ራሱ ያጸደቀውን ሕግ ነበር። በሠራተኞች መተዳደሪያ ደንብ አባሪ ውስጥ የሰፈረው ቀመር በዚያን ጊዜ ሁለት ነገር ይለካ ነበር፤ በስምንት አባል አገራት የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የመግዛት አቅሙ ምን ያህል እንደተለወጠ፣ እንዲሁም የብራሰልስን የኑሮ ውድነት። የቀድሞ ሠራተኞች ጡረታም በዚሁ መጠን ይስተካከላል። ቀመሩ የሚያየው ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት ስለሆነ፣ የ2009ኙ ቁጥር የኢኮኖሚ ቀውሱ ሳይበረታ አገራቱ ለራሳቸው ሠራተኞች የፈቀዱትን ጭማሪ ይዞ መጣ። በማግስቱ ዓመት የአገራቱ ቁጠባ ቀመሩ ውስጥ ሲገባ ማስተካከያው 0.1 በመቶ ብቻ ሆነ። ይህን ያህል ጫጫታ ግን አላስነሳም።

ቀመር ያስፈለገው ከልምድ ነው። ዓለም አቀፍ ሠራተኛ አሠሪው አንድ መንግሥት አይደለም፤ ደመወዙን የሚከፍሉት ብዙ ግምጃ ቤቶች ናቸው፤ ቁጥሩ በየዓመቱ ለድርድር ከቀረበም የአገራቱ የውስጥ ፖለቲካ መጫወቻ ይሆናል። ምክር ቤቱ በ1972 ለሦስት ዓመት የሚጸና የማስተካከያ ዘዴ ከተቀበለ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከገዛ ዘዴው አፈንግጦ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ በጁን 1973 ያንን ውሳኔ ሻረው፤ ምክንያቱም ሠራተኞቹ በተሰጣቸው ቃል ላይ የመተማመን መብት አላቸው የሚል ነበር። የ2010ሩ ፍርድ ለሚኒስትሮቹ ዱብ ዕዳ ሊሆን አይገባም ነበር።

ታዲያ ፓርላማዎች የት ነበሩ? የብሪታንያን የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት እንውሰድ። አገሪቱ የኅብረቱ አባል ሳለች 16 አባላት ያሉት የአውሮፓ ጉዳዮች መርማሪ ኮሚቴ ከብራሰልስ የሚመጣውን ሰነድ ሁሉ ይመለከት ነበር። አንድን ሰነድ "ምርመራው አላለቀም" ብሎ ከያዘው፣ በ1998 በወጣ የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ውሳኔ መሠረት ሚኒስትሩ ብራሰልስ ሄዶ መስማማት አይገባውም ነበር። የደመወዝና የጡረታ ማስተካከያ ሰነዶችም በዚሁ ወንፊት ያልፉ ነበር። ሚኒስትሩ በጽሑፍ ያብራራል፣ ኮሚቴው ይጠይቃል፣ ሪፖርት ያወጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተራው ግብር ከፋይ ቁጥሩንና ምክንያቱን የሚያገኘው ከእነዚህ ሪፖርቶች ነበር። ነገር ግን ብራሰልስ ላይ የሚወሰነው በድምፅ ብልጫ ነው። የአንድ ፓርላማ ተቃውሞ የራሱን ሚኒስትር ሊይዝ ይችላል፣ ቀመሩን ግን አያስቆምም።

ለውጥ የመጣው ክርክሩ ከዓመቱ ቁጥር ወደ ደንቡ ሲዞር ነው። በ2011 ኮሚሽኑ 1.7 በመቶ ሲጠይቅ ምክር ቤቱ ዳግመኛ እንቢ አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ለከባድና ድንገተኛ የኢኮኖሚ ውድቀት በደንቡ የተቀመጠውን ልዩ አንቀጽ ጠቅሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2013 ምክር ቤቱን ደግፎ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮሚሽኑ የተለየ ሐሳብ ለአውሮፓ ፓርላማና ለምክር ቤቱ ማቅረብ ነበረበት አለ። በመጨረሻ የ2011 ማስተካከያ ዜሮ፣ የ2012 ደግሞ 0.8 በመቶ ሆኖ ጸደቀ።

ከዚያ ፍርድ አንድ ወር ቀደም ብሎ ደንቡ ራሱ ተሻሽሏል። የሊዝበን ውል የአውሮፓ ፓርላማን በዚህ ሕግ ላይ ከምክር ቤቱ ጋር እኩል ሕግ አውጪ አድርጎታል፤ የፓርላማውን ወገን ድርድር የመሩት ጀርመናዊቷ ዳግማር ሮት-ቤሬንት ነበሩ። የጡረታ ዕድሜ ከ63 ወደ 65፣ ለአዲስ ገቢዎች ደግሞ ወደ 66 ከፍ አለ። አዲስ ሠራተኛ በአንድ የአገልግሎት ዓመት የሚያጠራቅመው የጡረታ መብት ወደ 1.8 በመቶ ወረደ። የሳምንቱ ሥራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ 40 ሰዓት ሆነ፣ የ2013 እና የ2014 ጭማሪም ታገደ። የኅብረቱ ኢኮኖሚ ከ3 በመቶ በላይ ካሽቆለቆለ ጭማሪው ኢኮኖሚው እስኪያገግም እንዲዘገይም ተደነገገ። በዓመታዊ ጠብ ያልተገኘ ቁጠባ በአንድ ሕግ ተገኘ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፓርላማ የለውም፤ የዚያን ሥራ የሚሠራው ጠቅላላ ጉባኤውና አምስተኛው ኮሚቴው ነው። የደመወዝ ጥናቱን የሚያቀርበው በ1974 የተቋቋመው 15 አባላት ያሉት ዓለም አቀፍ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ሲሆን፣ ለከፍተኛ ባለሙያዎች መለኪያው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ክፍያ ነው። ኮሚሽኑ በ2017 በኑሮ ውድነት ጥናት ላይ ተመሥርቶ በጄኔቫ ያሉ ባለሙያዎች ክፍያ ከ7 በመቶ በላይ እንዲቀነስ ወስኖ፣ ተቃውሞ ሲነሳ ወደ 5 በመቶ ገደማ አወረደው። የዓለም ሥራ ድርጅት አስተዳደር ፍርድ ቤት በጁላይ 2019 ኮሚሽኑ ሐሳብ ከማቅረብ ያለፈ ሥልጣን የለውም ብሎ ቅነሳውን ሻረ። የተባበሩት መንግሥታት የራሱ ፍርድ ቤቶች ግን ቅነሳውን አጸኑት። በአንድ ከተማ፣ በአንድ የደረጃ እርከን ያሉ ሰዎች እንደ መሥሪያ ቤታቸው የተለያየ ክፍያ ይቀበሉ ጀመር። ጠቅላላ ጉባኤው የኮሚሽኑን መተዳደሪያ አሻሽሎ ሥልጣኑን ግልጽ ያደረገው በ2022 መጨረሻ ነው። በእኔ ግምት የኮሚሽኑን ሥልጣን የሚወስነው አንቀጽ ከመጀመሪያው በትጋት ተመርምሮ ቢሆን የዓመታት ሙግት ይቀር ነበር።

ነገሩ አዲስ አበባንም ይነካል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከ1958 ጀምሮ መቀመጫው እዚሁ ነው። ከውጭ የሚመጡት ባለሙያዎች ክፍያ በጄኔቫው ዓይነት የኑሮ ውድነት ጥናት ይስተካከላል፤ በአገር ውስጥ የሚቀጠሩት ኢትዮጵያውያን ደመወዝ ደግሞ በከተማው የተሻለ በሚከፍሉ አሠሪዎች ላይ በሚደረግ ጥናት ይወሰናል። የድርጅቱ የጡረታ ፈንድ አባል የሆነ ሠራተኛ ለጡረታ ከሚታሰበው ደመወዙ 7.9 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ 15.8 በመቶ ያዋጣሉ። ቀመሩ ውስጥ የምትገባ እያንዳንዷ ለውጥ ለእነዚህ ቤተሰቦች የወር አስቤዛ ጉዳይ ናት።

የአውሮፓው ቀመር የተደነገገለት ዘመን በ2023 መጨረሻ አብቅቷል። ሕጉ አዲስ ደንብ እስኪወጣ ድረስ በጊዜያዊነት እንዲቀጥል ይፈቅድለታል። በየዓመቱ ጭማሪው ሲታወጅ ድምፃቸውን የሚያሰሙ የፓርላማ አባላት ቀመሩ ምን ይለካ፣ በችግር ዘመን ምን ይሁን የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ያለባቸው በዚህ ጊዜ ነው።