በጋምቤላ የትምህርት ቤት ቦርድ ሥራና የሕዝቡ ድርሻ

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ በጋምቤላ ከተማና በአካባቢዋ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚመራ፣ በተለይም የቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የሚባለው ጉባኤ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚቸግረው መግለጽ ነው። ስለ ትምህርት በተነገረ ቁጥር ስለ መምህሩ፣ ስለ መጽሐፉና ስለ ፈተናው ብዙ ይባላል፤ ስለ ቦርዱ ግን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በቆላው አገር አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ መማሩ ወይም በመንገድ ማቋረጡ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከክፍሉ ውጭ፣ በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ምክር ነው።

ሀ. አገሩና ሕዝቡ

የጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ የኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አገሩ በዚያን ጊዜ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ክፍል ሆኖ ከደጋው ከጎሬ ይታዘዝ ነበር። ዛሬ ግን የአኝዋ፣ የኑዌርና የማጃንግ ዞኖችን፣ የኢታንግ ልዩ ወረዳንም የያዘ ራሱን የቻለ ክልል ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ከ300 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ፣ የከተማዋም 39 ሺህ ያህል ነበር። ከክልሉ ሕዝብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኑዌር፣ አንድ አምስተኛ ያህሉ አኝዋ ሲሆን፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ፣ እንዲሁም ከደጋ የመጡ ልዩ ልዩ ሕዝቦች አብረው ይኖራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የዚህ ሁሉ ቋንቋና ኑሮ ልዩነት በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ እንደሚገናኝ አንባቢው ልብ ይበል፤ የቦርዱ ሥራ ከባድ የሚሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ለ. የቦርዱ ታሪክ ባጭሩ

ሕዝብ በትምህርት ቤት አስተዳደር ይግባ የሚለው አሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 የትምህርት ግብር በመሬት ላይ እንዲከፈል በአዋጅ ሲታዘዝ፣ ገንዘቡ በተሰበሰበበት አገር ለትምህርት እንዲውል የሚቆጣጠሩ የአውራጃ የትምህርት ቦርዶች አብረው ታስበው ነበር። በዚያ ሥርዓት ግን በቦርዱ ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ሹማምንትና የታወቁ ባለርስቶች ነበሩ፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ገበሬ ወይም ከብት አርቢ ቃሉ የሚሰማበት ወንበር አልነበረውም።

ከአብዮቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ቀጥሎም በ1984 በወጡ አዋጆች ትምህርት ቤቶች ከገበሬ ማኅበራትና ከከተማ ቀበሌዎች በተውጣጡ ኮሚቴዎች እንዲመሩ ተደረገ። በዚህ ጊዜ ወንበሩ ለተራው ሰው ተሰጠ፤ ነገር ግን ኮሚቴው ከላይ የመጣውን ትእዛዝ ከማድረስና መዋጮ ከመሰብሰብ አልፎ የራሱን አሳብ የሚያቀርብበት ዕድል ጠባብ ነበር።

አሁን ያለው ቅርጽ የተጀመረው በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው። ፖሊሲው የትምህርት አመራር ወደ ታች እንዲወርድና ልጆችም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር፣ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ስለ ፋይናንስ ባወጣው መመሪያ ደግሞ የወረዳው፣ የቀበሌውና የወላጆች ድርሻ ተለይቶ ተጻፈ። የወረዳዎች ሥልጣን በዚያው ጊዜ መጠናከር የጀመረው በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ነው፤ ጋምቤላና ሌሎቹ ታዳጊ የተባሉት ክልሎች የተከተሉት ዘግይተው ነው። ይህ መዘግየት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሥራው የሚጠይቀው ጸሐፊ፣ ሂሳብ ሠራተኛና የመዝገብ አያያዝ ሳይዘጋጅ ኃላፊነቱ ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው።

ሐ. አባላቱና ሥልጣናቸው

በአንድ ትምህርት ቤት ዙሪያ ሁለት ጉባኤዎች አሉ፤ ሰውም ብዙ ጊዜ አንዱን ከሌላው ያምታታዋል። አንደኛው የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ነው። በዚህ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰብሳቢ፣ ርእሰ መምህሩ ጸሐፊ ሆነው፣ የወላጆች፣ የመምህራን፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች ይቀመጣሉ። ሁለተኛው የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወተመህ የሚባለው ነው፤ ይህ ወላጆች ራሳቸው በጠቅላላ ስብሰባ የሚመርጡት ሲሆን ወደ ዕለቱ ሥራ የቀረበ ነው። ቦርዱ እንደ ቤቱ ባለቤት፣ ኅብረቱ እንደ ቤቱ ጠባቂ ቢመሰሉ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

የቦርዱ ተግባር በአራት ሊጠቃለል ይችላል። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የዓመት ዕቅድና ወጪ መርምሮ ያጸድቃል። ሁለተኛ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች እንዲመዘገቡና እንዳያቋርጡ ቤት ለቤት ይቀሰቅሳል። ሦስተኛ መዋጮና የጉልበት ሥራ ያስተባብራል፤ የዳስ ክፍል መሥራት፣ ግድግዳ መምረግና አጥር ማጠር የዚህ ክፍል ነው። አራተኛ የመምህራንንና የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት ይከታተላል፤ ርእሰ መምህሩም ለእርሱ ሪፖርት ያቀርባል።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ መርሐ ግብር አማካይነት በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰጥ የትምህርት ቤት ድጎማ በመላው አገር ሲጀመር ደግሞ ቦርዱ የሚመረምረው እውነተኛ ገንዘብ አገኘ። ከዚያ በፊት ጠመኔ ሲያልቅ ወረዳውን መጠበቅ ግድ ነበር። ድጎማው ሲመጣ ቦርዱና ኅብረቱ ሳያውቁት እንዳይወጣ፣ የተገዛውም ዕቃ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ለወላጆች እንዲታይ ታዘዘ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ግን በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻውን ብዙ እንደማይጠቅም ግልጽ ነው፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ በሚሰማው ቋንቋ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር መታወቅ አለበት። መምህሩን የሚቀጥረው፣ ደመወዙንም የሚከፍለው ወረዳው ነው፤ ቦርዱ አይደለም። መምህሩ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ ቦርዱ ይመክራል፣ ይጽፋል፣ ለወረዳው ያስታውቃል፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ወላጁ የሚጠይቀው ቦርዱን ሆኖ፣ መልሱ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው።

መ. የዓመቱ ሥራ በቆላ አገር

የትምህርት ዓመት በመላው አገር በመስከረም ይጀምራል። በደጋው መስከረም የጠባ ወር ነው፤ በባሮና በአኮቦ ዳር ግን ውኃው ገና አልጎደለም። በነሐሴና በመስከረም ወንዙ ከመደቡ ወጥቶ ሜዳውን ሲያለብስ፣ በምዕራብ በኩል ባሉት ዝቅተኛ ወረዳዎች መንገዱ ይቆረጣል፣ ትምህርት ቤቱም አንዳንዴ በውኃ ይከበባል። የቦርዱ የመጀመሪያ ሥራ እንግዲህ ምዝገባው መቼ ይሁን፣ የጠፋውስ ሳምንት በቅዳሜ ወይስ በከሰዓት በኋላ ይካካስ የሚለውን መወሰን ነው።

በበጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሣሩ ሲደርቅ የኑዌር ወጣቶች ከብቱን ይዘው ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳሉ፤ ከእነርሱም ጋር ለትምህርት የደረሱ ወንዶች ልጆች ይሄዳሉ። አኝዋ በበኩሉ ውኃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር በሚቀረው እርጥብ መሬት ላይ በቆሎ ይዘራል፤ በዚህ ጊዜ ወፍና ዝንጀሮ መጠበቅ የልጆች ሥራ ነው። ሴቶች ልጆች ውኃ በመቅዳትና ታናናሾቻቸውን በመያዝ ይቀራሉ። መምህሩ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብሎ የሚጽፈውን ልጅ የቦርዱ አባል በስሙ፣ በአባቱና በሄደበት ሥፍራ ያውቀዋል። ይህ ዕውቀት በወረዳም በክልልም ጽሕፈት ቤት የለም፤ የቦርዱ ትልቁ ሀብት ይኸው ነው።

ሠ. ቦርዱና የአገሩ ልማድ

ስለ አስተዳደር ልማድ ማወቅ የሚፈልግ እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋ ያሳተማቸውን ሁለት መጻሕፍት ቢመለከት ይጠቀማል። በአኝዋ ዘንድ የመንደሩ አለቃ ኳሮ ይባላል። ሕዝቡ በፊቱ እየሰገደ ያከብረዋል፤ እርሱም በበኩሉ ሕዝቡን ማብላትና ያለውን ማካፈል አለበት። እጁ የታጠረበት ወይም የተጠላ እንደ ሆነ መንደሩ ተነሥቶ ያስወጣዋል፣ ከወገኑም ሌላውን ያስቀምጣል፤ ይህም አጌም ይባላል። በኑዌር ዘንድ ደግሞ ኳር ሙኦን የሚባለው ሽማግሌ ደም የተቃቡትን ያስታርቃል፤ ወታደርም እስር ቤትም የለውም፣ ኃይሉ ሁሉ በመከበሩና በንግግሩ ነው።

እነዚህ ልማዶች ከቦርዱ ጋር ምን ግንኙነት አላቸው ቢባል መልሱ እንዲህ ነው። ቦርዱም እንደ ኳር ሙኦን የማስገደድ ኃይል የለውም፤ ልጁን ከከብት መንጋ የሚያስመልሰው በምክር ብቻ ነው። ሕዝቡም እንደ አጌም ልማድ ያመነበትን ሰው ማክበርን፣ ያላመነበትን ማንሣትን ያውቃል። እንግዲህ ሕዝባችን ለምርጫና ለቁጥጥር አዲስ ነው የሚለው አነጋገር ትክክል አይመስለኝም። አዲስ የሆነበት ቃለ ጉባኤው፣ ማኅተሙና የሂሳቡ መዝገብ ነው።

ረ. ዋና ዋና ችግሮች

የመጀመሪያው የቋንቋ ችግር ነው። ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በአማርኛ ነው። በከተማዋ ባለ ትምህርት ቤት የአኝዋ፣ የኑዌርና የደጋ ወላጆች በአንድነት ሲሰበሰቡ አንድ ንግግር ሁለት ጊዜ መተርጎም ይኖርበታል። ትርጉሙ ባጠረ መጠን የተሰብሳቢው ድርሻ ያጥራል፤ በመጨረሻም ያልሰማውን ነገር በጣት አሻራው ያጸድቃል።

ሁለተኛው የጸሐፊው ጉዳይ ነው። ርእሰ መምህሩ ዕቅዱን ያዘጋጃል፣ ስብሰባውን ይጠራል፣ ቃለ ጉባኤውን ይጽፋል፣ መዝገቡንም ይይዛል። ክፉ ሰው ባይሆንም እንኳ ቁጥጥር የሚደረግበትና ቁጥጥሩን የሚጽፈው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው የክፍልና የመምህር ድልድል ነው። በታችኞቹ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር መብት ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለት ቋንቋ ሁለት መምህርና ሁለት ክፍል ይጠይቃል። አንዱ ወገን በቆርቆሮ ክፍል፣ ሌላው በዳስ ቢማር፣ ነገሩ የክፍል እጥረት መሆኑ ቀርቶ የወገን ጥያቄ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ወዲህ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ስደተኞች ወደ ክልሉ መግባታቸው ይህንን ጥንቃቄ ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል። ሚዛናዊ ቦርድ ባለበት ወላጆች ተነጋግረው ፈረቃ ይቀያየራሉ፤ ቦርዱ ያልታመነ እንደ ሆነ ግን ወሬ ይነዛል፣ ግጭት ሲነሣም መጀመሪያ የሚዘጋው ትምህርት ቤቱ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው የቦርዱ ሥልጣን በወረቀት ሰፊ፣ በእጅ ግን ጠባብ ነው። ይህን ለማሻሻል ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ይመስለኛል። አንደኛ፣ ከርእሰ መምህሩ ሌላ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወላጅ የቃለ ጉባኤው ተባባሪ ጸሐፊ ይሁን፤ ውሳኔውም ከመፈረሙ በፊት በየቋንቋው ይነበብ። ሁለተኛ፣ ወረዳው ስለ መምህር መጥፋት ከቦርዱ ለተጻፈለት ደብዳቤ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት። ሦስተኛ፣ የትምህርት ዘመኑ ቀን መቁጠሪያ ከወንዙ ጠባይ ጋር እንዲስማማ፣ የቦርዱን አሳብ የሚቀበል መንገድ በክልሉ ትምህርት ቢሮ ይዘጋጅ።

በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛው 7ኛና 8ኛ ክፍል ሆኖ ተደራጅቷል። የክፍሎቹ አከፋፈል ቢለወጥም ልጁን ከመኖሪያው አምጥቶ በክፍሉ የማቆየቱ ሥራ ያው ነው፤ ሠራተኛውም ያው የቀበሌው ሰው ነው። በኮሌጃችን ውስጥ የትምህርት አስተዳደር የምናጠና ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በአንድ የቦርድ ስብሰባ ላይ ተገኝተን ያየነውን ብንጽፍ፣ ከየወረዳው የሚገኘው ማስረጃ ተጠራቅሞ ለሚቀጥለው አጥኚ መነሻ ይሆነዋል።