ፎቶ የማይነሳው እርዳታ

ለበጎ አድራጎት ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው «ብሬ ምን ላይ ዋለ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ችግሩ መልሱ በዓይን የሚታይ፣ በርክክብ ሥነ ሥርዓት ላይ ባነር ተሰቅሎለት የሚመረቅ ነገር እንዲሆን መጠበቁ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ700 ሺሕ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ለጤና ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ የልማት እርዳታ ግን ለአእምሮ ጤና የሚደርሰው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ብዙዎች «እርዳታው ይጨመር» ይላሉ፤ ይጨመር። እስኪጨመር ድረስ ግን ያለችዋ ጥቂት ገንዘብ የት ብትውል ብዙ ሕይወት ታተርፋለች የሚለው መታየት አለበት። አብዛኛው ሕዝብ በእርሻ በሚተዳደርበት አገር የኔ መልስ ለብዙ ለጋሾች የማይጥም ነው፦ የፀረ ተባይ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ።

ማስረጃው ያለው ስሪላንካ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አገሪቱ ራስን በማጥፋት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ነበረች፤ ለብዙው ሞት ምክንያት የነበረው ደግሞ ለእርሻ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ነው። ሁለት መፍትሔዎች ተሞከሩ። አንደኛው ለየቤቱ ቁልፍ ያለው ማስቀመጫ ሣጥን ማደል ነበር። በአኑራዳፑራ አውራጃ 180 መንደሮችን፣ ከ50 ሺሕ የሚበልጡ ቤተሰቦችን ያቀፈ ሰፊ ጥናት ተካሄደ፤ ገሚሶቹ መንደሮች ሣጥኑ ተሰጣቸው፣ ገሚሶቹ ሳይሰጣቸው ቆዩ። ውጤቱ በ2017 ዘ ላንሴት ላይ ሲወጣ በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሲያስቡት አያስገርምም፤ ሣጥኑ ከነቁልፉ ያለው እዚያው ቤት ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ሣጥንም ሥልጠናም አልነበረውም። ከ1984 ጀምሮ መንግሥት ሰው የሚገድሉትን ምርቶች እየለየ፣ አንዱን ዛሬ ሌላውን ከዓመታት በኋላ፣ ከምዝገባ ሰረዛቸው። ከ1995 እስከ 2015 ባለው ጊዜ አገሪቱ ውስጥ ራስን የማጥፋት መጠን 70 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ተመራማሪዎች በእነዚሁ ሃያ ዓመታት 93 ሺሕ ያህል ሕይወት እንደተረፈ ይገምታሉ።

ታዲያ ለጋሹ ሣጥኑን የሚመርጠው ለምንድነው? ሣጥን ይቆጠራል፤ ሪፖርት ላይ በቁጥር ይገባል፤ ተቀባዩም አመስጋኝ ሆኖ ፎቶ ይነሳል። ያልሞተ ሰው ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እሱ ራሱም መትረፉን አያውቅም። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የዚህ ዓይነቱ ቁጥጥር የጋራ ጥቅም ነው፤ ሁሉም ያገኘዋል፣ ስለዚህ ማንም በግሉ አይከፍልበትም። አስመጪው ምርቱ እንዲሰረዝ ገንዘብ አያወጣም፤ ገበሬውም አቤቱታ አያቀርብም። ሐኪም ቤቱ ካርድ ላይ «መመረዝ» ብሎ ያልፋል፤ የምርቱን ስም የያዘው ጠርሙስ በማስረጃነት ፖሊስ ጣቢያ ይቀመጣል፤ የመሰረዝ ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም አያይም። ሦስቱን መዝገቦች የሚያገናኝ ባለሙያ ደመወዝ የትኛውም በጀት ውስጥ የለም። በጎ አድራጎት የሚያስፈልገው እንዲህ ገበያውም መንግሥትም ባልደረሱበት ክፍተት ላይ ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳው የፌስቡክ ተባባሪ መሥራች ደስቲን ሞስኮቪትዝና ባለቤቱ ኬሪ ቱና ሀብታቸውን የሚለግሱበት ተቋም ነው፤ በ2017 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ለተቋቋመ ትንሽ ማዕከል ወደ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። የማዕከሉ ሥራ የትኛው ምርት ስንት ሰው እንደሚገድል አጣርቶ ለተቆጣጣሪዎች ማቅረብ ነው።

ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ2021 የታተመ አንድ የዋጋና ውጤት ጥናት በ14 አገሮች እጅግ አደገኛ የሆኑት ፀረ ተባዮች ቢታገዱ በየዓመቱ 28 ሺሕ ያህል ሞት እንደሚቀንስ፣ ወጪውም በነፍስ ወከፍ በዓመት ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም በታች እንደሚሆን አስልቷል። የአእምሮ ጤና ደጋፊዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት «አንድ ዶላር አራት ዶላር ያስገኛል» የሚለው ስሌት ከዚህ አንጻር ብዙም አይማርከኝም። የተወሰደው በ36 አገሮች ላይ ለድብርትና ለጭንቀት ሕክምና ከተሠራ ጥናት ነው፤ ወደ አራት የሚያደርሰው ለጤናው ለራሱ የገንዘብ ዋጋ ሲሰጠው ነው። ሥራና ገቢ ብቻ ከተቆጠረ ከሁለት እስከ ሦስት ዶላር ነው የሚሆነው። ያም ቢሆን ጥሩ ትርፍ ነው፤ ለምን እንደሚነፋ አይገባኝም።

ሐኪሞች የሚያነሱት ተቃውሞ ግን ከበድ ያለ ነው፦ ተስፋ የቆረጠ ሰው አንዱ መንገድ ቢዘጋበት ሌላ ይፈልጋል፤ ሕመሙ ሳይታከም ዕቃ ማንሳት ምን ይፈይዳል? ስሪላንካ ውስጥ የታየው ከዚህ የተለየ ነው። ሞት ሲያሽቆለቁል በመመረዝ ሆስፒታል የሚገባው ሰው በዚያው መጠን አልቀነሰም። ሰዎች መጨነቃቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ተረፉ፣ ሐኪም ፊት ቀረቡ። በሌሎች አገሮች ለዓመታት የተደረጉ ክትትሎችም አንድ ጊዜ ከሞከሩና ከተረፉ አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህሉ ኋላ ራሳቸውን አጥፍተው እንደማይሞቱ ያሳያሉ። ያቺ ክፉ ሰዓት ታልፋለች። ሕክምናው ዋጋ የሚኖረው የሚታከመው ሰው በሕይወት ሲቆይ ነውና ሁለቱ ተፎካካሪዎች አይደሉም። በዚምባብዌ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያማክሩበት ሥራ በ2016 በታተመ ጥናት ውጤታማነቱ ተረጋግጧል፤ እሱም ገንዘብ ይገባዋል። ልዩነቱ ምክር በየዓመቱ በጀት ይጠይቃል፣ የተሰረዘ ምርት ግን አንዴ ከተሰረዘ ጥበቃ እንጂ ብዙ ወጪ አይፈልግም።

«ገበሬውስ?» የሚለው ሌላው ጥያቄ ነው። ጠያቂው በ2021 የሆነውን ያስታውስ ይሆናል፤ የስሪላንካ መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያና የእርሻ ኬሚካል ከውጭ ማስገባትን በአንድ ጊዜ አግዶ የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፣ በወራት ውስጥም ውሳኔውን ለመሻር ተገደደ። ይህ ግን ከቀድሞው አሠራር ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ቀድሞ የተሰረዙት ተለይተው፣ ምትክ ያላቸው ሆነው ነበር፤ በ1995 እና በ1998 ከተወሰዱት እርምጃዎች በኋላ የሩዝና የአትክልት ምርት እንዳልቀነሰ ተጠንቷል። ደቡብ ኮሪያም ከ2011 ጀምሮ አንድ በሰፊው የሚረጭ ፀረ አረም ከገበያ ስታስወጣ ሞት ቀነሰ፣ አዝመራው አልተጎዳም። ኮንትሮባንድም የሚደራው ምትክ ሲጠፋ ነው፤ በዋጋ የሚመጣጠን ሕጋዊ ምርት ሱቁ ውስጥ ካለ ለተከለከለ ዕቃ ድንበር የሚያቋርጥ ነጋዴ ብዙ አይሆንም።

እኛ ዘንድ ሕጉ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ቆይቷል፤ ሥራውን የሚመራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። የሞት ምዝገባ ገና ባልተስፋፋበት አገር የሚጎድለው የትኛው ምርት እንደሚገድል በቁጥር የሚያሳይ ማስረጃ ነው። «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለጋሽ ምን አገባው?» ለሚል፣ በስሪላንካም ውሳኔው የመንግሥት ነበር። ለጋሹ የሚገዛው ውሳኔውን ሳይሆን ውሳኔው የሚያርፍበትን መረጃ ነው፤ ያውም ለተወሰኑ ዓመታት። እርግጥ እንዲህ ያለ ሥራ ከሞላ ጎደል ደመወዝ ነው፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። የመርዝ ሐኪሙና የመረጃ ባለሙያው ደመወዝ ግን ራሱ የፕሮጀክቱ ሥራ ነው፤ የገንዘብ ስምምነቱ ሲፈረም ይህ በግልጽ ይጻፍ። ከማኅበራዊ ኃላፊነት በጀታቸው በየዓመቱ የሚለግሱ ባንኮች ጥቂት ሪፈራል ሆስፒታሎችን፣ ፖሊስንና ባለሥልጣኑን የሚያገናኝ የሦስት ዓመት የመዝገብ ሥራ ቢደግፉ ወጪው አይከብዳቸውም። ከዚያ በኋላ የመረጃ ክፍሉ ከአስመጪዎች በሚሰበሰብ የምዝገባ ክፍያ ሊተዳደር ይችላል፤ ምርቱን የሚሸጠው የሚያስከትለውን ጉዳት የመከታተያውን ወጪ ይሸፍናል ማለት ነው።