ሲሶው በካልኩሌተር ላይ ሲጎድል
ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ ቁጥር የመቀየር ዘዴ ለድንበር ከብት ነጋዴዎች

ሦስት ሸሪኮች ኡም ጋርጉር አካባቢ በጎች ገዝተው ገዳሪፍ ገበያ ሸጡ እንበል። የመኖ፣ የመኪናና የጠባቂ ወጪ ተቀንሶ የተጣራው ትርፍ 3,000,000 የሱዳን ፓውንድ ሆነ። ስምምነታቸው ሲሶ ሲሶ ነው። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ «ሲሶ ማለት 0.33 ነው» ብሎ ሲያባዛ ለእያንዳንዱ 990,000 ፓውንድ ወጣ። የሦስቱ ድርሻ ሲደመር ግን 2,970,000 ብቻ ነው። 30,000 ፓውንድ ባለቤት አጣ። ገንዘቡ የቀረው በያዡ እጅ ስለሆነ ጥርጣሬውም በእሱ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ማንም አልሰረቀም። የጎደለው ገንዘብ ክፍልፋዩ ወደ አስርዮሽ ሲቀየር የተቆረጠው ነው። በገዳሪፍ፣ በገላባትና በመተማ ዮሐንስ ገበያዎች ድርሻ የሚነገረው በአፍ፣ በግማሽ፣ በሲሶና በሩብ ነው። ካልኩሌተሩ፣ ዲጂታል ሚዛኑና የስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያው ግን የሚሠሩት በአስርዮሽ ነው። ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው በትክክል መሻገር ከቻለ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ማካፈል ብቻ ነው

ክፍልፋይ ያልተጨረሰ የማካፈል ሒሳብ ነው። ከላይ ያለው ቁጥር (ላዕሉ) ከታች ላለው ቁጥር (ታሕቱ) ሲካፈል አስርዮሹ ይገኛል። ሩብ 1 ለ4 ሲካፈል ነው፤ ውጤቱም 0.25። በገበያ አዘውትረው የሚመጡት እነዚህ ናቸው፦

ግማሽ (1/2) = 0.5
ሩብ (1/4) = 0.25
ሦስት አራተኛ (3/4) = 0.75
አንድ አምስተኛ (1/5) = 0.2
አንድ ስምንተኛ (1/8) = 0.125
አንድ አሥረኛ (1/10) = 0.1
አንድ አርባኛ (1/40) = 0.025

የመጨረሻዋ የንግድ ዘካ ለሚያወጡ ሙስሊም ነጋዴዎች የምትጠቅም ናት። ከ200,000 ብር ላይ አንድ አርባኛው 5,000 ብር ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ዜሮ ተረስታ በ0.25 ከተባዛ ግን 50,000 ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው።

ካልኩሌተር በሌለበትም በእጅ ማስላት ይቻላል። ከ80,000 ብር መነሻ ገንዘብ 30,000 ያዋጣ ሸሪክ ድርሻው 30/80፣ ሲቀለል 3/8 ነው። 3 ለ8 አይደርስምና «0.» ይጻፍና ዜሮ ተጨምሮ 30 ይባላል። 30 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 6 ይተርፋል። 60 ለ8 ሲካፈል 7 ደርሶ 4 ይተርፋል። 40 ለ8 ሲካፈል 5 ደርሶ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ 3/8 = 0.375። ትርፉ 24,000 ብር ከሆነ የዚህ ሸሪክ ድርሻ 9,000 ብር ነው።

የማያልቁት ክፍልፋዮች

ሲሶ ግን እንደ ሩብ አይደለም። 1 ለ3 ሲካፈል ሁልጊዜ 1 ስለሚተርፍ 0.3333 እያለ አያልቅም። አንድ ክፍልፋይ የሚያልቅ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ክፍልፋዩ እስከመጨረሻው ከተቃለለ በኋላ ታሕቱ በ2 እና በ5 ብዜት ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ለምሳሌ 4፣ 8፣ 20 ወይም 40፣ አስርዮሹ ያልቃል። 3፣ 7 ወይም 9 በውስጡ ካለ አያልቅም። ስለዚህ ሦስት፣ ስድስት ወይም ሰባት ሆነው እኩል የሚካፈሉ ሸሪኮች ከሌሎቹ ይልቅ መጠንቀቅ አለባቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ማባዛት፣ ማካፈሉን ለመጨረሻ መተው። ሁለት ሦስተኛ የሚደርሰው ሰው ከ100,000 ብር ላይ ድርሻውን ሲፈልግ 0.67 ብሎ ከጀመረ 67,000 ይወስዳል፤ ሲሶ የሚደርሰው ጓደኛው 33,000 ብቻ ይቀረዋል። ድምሩ ልክ ስለሚመጣ ስሕተቱን ማንም አያየውም፤ ባለ ሲሶው ግን 333 ብር ከ33 ሳንቲም ተጎድቷል። 100,000 በ2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 66,666.67 ይመጣል። ቀሪው 33,333.33 የባለ ሲሶው ነው። የመጨረሻው ባለድርሻ በማባዛት ሳይሆን የቀረውን እንዲወስድ ከተደረገ አንድም ሳንቲም ሜዳ ላይ አይቀርም።

«ሁለት ከሩብ» እንዴት ይጻፋል?

በደብተር ላይ የሚታየው ሌላው ስሕተት የታሕቱን ቁጥር ከነጥቡ በኋላ መጻፍ ነው። «ሁለት ከሩብ» 2.4 አይደለም፤ 2.25 ነው። «ሁለት ተኩል» ደግሞ 2.5 እንጂ 2.2 አይደለም። በኪሎና በግራም ሲሆንም እንዲሁ ነው። 12 ኪሎ ከ60 ግራም 12.06 ይባላል፤ 12.6 ከተጻፈ 12 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነ ማለት ነው። አንድ ኪሎ 1,000 ግራም ስለሆነ ከነጥቡ በኋላ ሁልጊዜ ሦስት ቤት መሙላት (12.060) ይህን ስሕተት ያስቀራል።

ድንበሩ ላይ ደግሞ የአጻጻፍ ልዩነት ይጨመራል። በሱዳን በሚሠራበት የዐረብኛ አኃዝ ዜሮ የሚጻፈው በነጥብ ነው። አምስት ደግሞ በኢትዮጵያ ደብተር ላይ ያለውን ዜሮ የምትመስል ክብ ናት። ስድስታቸው የእኛን ሰባት ይመስላል። አስርዮሹን የሚለየው ምልክትም ነጥብ ሳይሆን ኮማ መሰል ጭረት ነው። ስለዚህ በዐረብኛ አኃዝ 2.5 ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ላልለመደ ሰው 2.0 ይመስላል። በመተማ በኩል 1.5 ተብሎ የተጻፈውም ነጥብን እንደ ዜሮ ማንበብ ለለመደ ዓይን 105 ሊመስል ይችላል። አስተማማኙ መንገድ መጠኑን በአኃዝም በቃልም መጻፍ ነው፦ «2.5፣ ሁለት ተኩል»። ሩብ የሚለው ቃል በአማርኛም በዐረብኛም ስለሚታወቅ ለሁለቱም ወገን ግልጽ ነው። ከነጥቡ በፊት ቁጥር ከሌለም ዜሮ ይጻፍ፤ «.5» ነጥቧ ከጠፋች 5 ትሆናለች።

ቀንጣር ግማሽ ኩንታል አይደለም

ለከብቶቹ ፋጉሎ ወይም እህል ከሱዳን በኩል የሚገዛ ነጋዴ ቀንጣር የሚባል መለኪያ ያጋጥመዋል። መቶ ረጥል የሆነው ቀንጣር ወደ 44.93 ኪሎ ይመዝናል። ኩንታል 100 ኪሎ ነውና አንድ ቀንጣር 0.4493 ኩንታል ነው። ብዙ ሰው ለአፍ እንዲመቸው «ግማሽ ኩንታል» ይለዋል። በ20 ቀንጣር ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል። በግማሽ ሲታሰብ 10 ኩንታል፣ በትክክል ሲታሰብ 8.986 ኩንታል ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ መኖ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። ቀንጣር እንደ ምርቱና እንደ ገበያው ሊለያይ ስለሚችል ዋጋ ከመቁረጥ በፊት «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከመጨባበጥ በፊት

ማንኛውም የድርሻ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይፈተናል። አንደኛ፣ የተገኘው አስርዮሽ በታሕቱ ሲባዛ ላዕሉን መመለስ አለበት፤ 0.375 በ8 ሲባዛ 3 ይመጣል። 0.33 በ3 ሲባዛ ግን 0.99 ነው፤ የጎደለችው 0.01 በ3,000,000 ፓውንድ ላይ 30,000 ናት። ሁለተኛ፣ የሁሉም ሸሪኮች ድርሻ ሲደመር ከጠቅላላው ገንዘብ ጋር እኩል መሆን አለበት። ድምሩ ካልገጠመ ገንዘቡ ከመከፋፈሉ በፊት፣ ሁሉም በተገኙበት ሒሳቡ እንደገና ይሠራ። ሸሪኮቹ ከተለያዩ በኋላ የተገኘ ጉድለት ከሒሳብ ስሕተትነት አልፎ የእምነት ጉዳይ ይሆናል።