ኖራን ከቤት ያስወጣው ብድር

የኖርዌዩ ጸሐፌ ተውኔት ሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት»ን ያሳተመው በ1879 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተውኔቱን ያላነበበ ሰው እንኳ መጨረሻውን ሰምቶ ይሆናል፤ ኖራ የምትባል ሴት ባሏንና ሦስት ልጆቿን ትታ ትሄዳለች። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ጨካኝ እናት ናት ብሎ ቢፈርድ አይገርምም። እኔ ግን ከመፍረድዎ በፊት አንድ የብድር ወረቀት ላሳይዎ እፈልጋለሁ። የዚያን ዘመን ትዳር ምን እንደነበር ከማንኛውም የፍቅር ንግግር በላይ አጥርቶ የሚያሳየው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖራና ቶርቫልድ ሄልመር ከተጋቡ ስምንት ዓመታቸው ነው። በትዳራቸው መጀመሪያ ላይ ቶርቫልድ ከሥራ ብዛት የተነሳ በጠና ታመመ። ሐኪሞቹ ለሚስቱ ለብቻዋ፣ ሞቃት አገር ካልከረመ አይተርፍም አሏት። እሱ ደግሞ ዕዳ የሚባል ነገር አይወድም። ስለዚህ ኖራ ሳትነግረው ተበደረች፣ ጣሊያን ወሰደችው፣ ዳነላት። ገንዘቡን ከየት አመጣሽው ሲላት ከአባቴ ነው አለችው።

ስንት ነበር የተበደረችው? 4,800 ክሮነር። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት የተውኔቱን የመጀመሪያ ትዕይንት ይመልከቱ። ዕለቱ የገና ዋዜማ ነው። አንድ ተሸካሚ የገናውን ዛፍ ቤት ድረስ አምጥቶ ሃምሳ ኦሬ ይጠይቃል፤ ኦሬ የክሮነር ሳንቲም ነው፣ መቶው አንድ ክሮነር ይሞላል። ኖራ አንድ ክሮነር ሰጥታ መልሱን ያዘው ትለዋለች። በዚህ ሂሳብ ዕዳዋ ያ ሰው 9,600 ጊዜ ዛፍ ተሸክሞ የሚያገኘው ገንዘብ ነው።

«ታዲያ ለምን በደንቡ አልተበደረችም?» ይሉኝ ይሆናል። አትችልም ነበር። በኖርዌይ ያላገቡ ሴቶች ከ1863 ጀምሮ፣ ዕድሜያቸው 25 ሲሞላ፣ ንብረታቸውን ራሳቸው የማስተዳደር መብት አግኝተዋል። ባሏ የሞተባትም ሴት በራሷ ስም መፈረም ትችል ነበር። ያገባች ሴት ግን በሕግ ዓይን በባሏ ሥር ነበረች፤ ያለ እሱ ፈቃድ መበደር አትችልም ነበር። ማግባት ማለት ፊርማን ለባል ማስረከብ ነበር።

አበዳሪው ክሮግስታድ ይህን ስለሚያውቅ ዋስ ጠየቀ። ዋስ እንዲሆን የታሰበው የኖራ አባት ነው፤ እሱ ግን በዚያው ሰሞን ሊሞት እያጣጣረ ነበር። ልጅቷ ባሏ ሊሞት ነው ብላ የሚሞት አባቷን ማስጨነቅ አልሆነላትም። በስሙ ራሷ ፈረመችና ወረቀቱን ለክሮግስታድ መለሰችለት። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። አባቷ የሞተው መስከረም 29 ሲሆን ፊርማው ሥር የተጻፈው ቀን ጥቅምት 2 ነው (ወሮቹም የፈረንጅ ናቸው)። ሟች በሞተ በሦስተኛው ቀን ፈርሟል ማለት ነው። ክሮግስታድ ይህን አይቶ ወረቀቱን አስቀመጠው።

አከፋፈሉም መታየት አለበት። ወለድ በየሦስት ወሩ ይደርሳል፤ ዋናው ብድርም በየጊዜው በቁርጥ ይከፈላል። ኖራ የራሷ ገቢ የላትም። ባሏ ለልብስ የሚሰጣትን ገንዘብ ከግማሽ በላይ አታወጣም፤ ርካሹን ለብሳ ቀሪውን ለዕዳው ታውላለች። ከቀለቡ እንዳትቀንስ የባሏ ማዕድ መጓደል የለበትም፤ ለልጆቹ የተሰጠውንም አትነካም። ባለፈው ክረምት ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ አግኝታ ማታ ማታ በሯን ቆልፋ እስከ እኩለ ሌሊት ስትጽፍ ከርማለች። ድካሙን ስታወራ ደስ እያላት ነው፤ ሠርታ ገንዘብ ማግኘት ምን እንደሚመስል የቀመሰችው ያኔ ብቻ ነውና።

ቶርቫልድ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። በእሱ ዓይን ኖራ ገንዘብ የምትበትን ተወዳጅ ልጅ ናት። በወፍና በሽኮኮ ስም ይጠራታል፤ ጥርሷ እንዳይበላሽ ብሎ ጣፋጭ ስለከለከላት ተደብቃ ትበላለች። ክፉ ሰው አይደለም፤ አይመታትም፣ አይሰክርም፣ ሌላ ሴት ዘንድ አይሄድም። ኢብሰን ክፉ ባል አለመሳሉ የተውኔቱ ትልቁ ብርታት ይመስለኛል። ባልየው ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ እሱን ረግሞ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

የፖስታ ሳጥኑን ደግሞ ልብ ይበሉ። ቶርቫልድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ነው፤ እዚያው ባንክ የሚሠራውን ክሮግስታድን ሊያባርረው ወስኗል። ክሮግስታድ በበኩሉ ምስጢሩን በደብዳቤ ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ ይጥላል። ኖራ ደብዳቤውን በመስታወቱ በኩል ታየዋለች፣ ማውጣት ግን አትችልም። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው ባሏ ጋ ብቻ ነው። በኋላ ቶርቫልድ ሳጥኑን ሲከፍት ቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ የተሰበረ የፀጉር ሽቦ ያገኛል። በገዛ ቤቷ የገባን ደብዳቤ በፀጉር ሽቦ ለመክፈት የሞከረችው የቤቱ እመቤት ናት።

ደብዳቤው ሲነበብ ምን ሆነ? ኖራ ባሏ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይወስዳል ብላ ስትጠብቅ ነበር። እሱ ግን ውሸታም፣ ወንጀለኛ አላት። ለሰው ዓይን ሲባል እዚሁ ቤት ትኖሪያለሽ፣ ልጆቼን ግን አታሳድጊም አለ። ጥቂት ቆይቶ ክሮግስታድ ሐሳቡን ለውጦ ወረቀቱን መለሰው። የቶርቫልድ የመጀመሪያ ቃል እኔ ዳንኩ የሚል ነበር። ከዚያ ይቅር ብዬሻለሁ አላት። ኖራ ልብሷን ቀይራ መጥታ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠችው፤ ባልና ሚስቱ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ተነጋገሩ። ከዚያ ኖራ ቤቱን ጥላ ወጣች።

«ልጆቹስ?» እዚህ ላይ የልጆቹን ሞግዚት አነ ማሪን ይመልከቱ። ይህች ሴት ኖራን ለማሳደግ ስትቀጠር የራሷን ልጅ ለባዕድ ሰጥታ ነው የመጣችው። በዚያ ማንም አልተቆጣም፤ ድሃ እናት እንጀራ ብላ ልጇን ስትተው እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር። ቁጣው የመጣው ባለትዳሯና ኑሮ የሞላላት ሴት ራሴን ልወቅ ብላ ስትወጣ ነው። ይህን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል እላለሁ።

ቁጣውም እውነተኛ ነበር። በጀርመን ኖራን ልትጫወት የነበረችው ታዋቂዋ ሄድቪግ ኒማን ራበ እኔ ልጆቼን ጥዬ አልሄድም ብላ መጨረሻውን አልጫወትም አለች። በዚያ ጊዜ የኢብሰን ሥራ በጀርመን የሕግ ጥበቃ ስላልነበረው ማንም እንደፈለገ ሊቀይረው ይችል ነበር። ሌላ ሰው ከሚያበላሸው ብሎ ራሱ ኖራ የምትቀርበትን መጨረሻ ጻፈ፤ እሱንም በተውኔቱ ላይ የተፈጸመ አረመኔያዊ ድርጊት አለው።

ታሪኩ ከአየር አልመጣም። ላውራ ኪለር የተባለች ጸሐፊ፣ የኢብሰን ወዳጅ፣ ባሏን ከሳንባ ነቀርሳ ለማዳን ተደብቃ ተበድራ ነበር። ዕዳው ሲያስጨንቃት ሐሰተኛ ሰነድ እስከማዘጋጀት ደረሰች። ባሏ ሲያውቅ ፍቺ ጠየቀ፣ ከልጆቿ ተለየች፣ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያም ገባች። በኋላ ወደ ቤቷ ብትመለስም ተውኔቱ በሕይወቷ ሙሉ አሳዝኗታል። ኢብሰን ታላቅ ሥራ ሠራ፤ የእሷን ጉዳት አደባባይ ማውጣቱ ግን ለእኔ ጥፋት ነው።

ኢብሰን ለሴቶች መብት ብዬ አልጻፍኩም ሲል በ1898 ተናግሯል። ሆኖም በ1884 ያገቡ ሴቶች የራሳቸው ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ ለኖርዌይ ምክር ቤት በቀረበው አቤቱታ ላይ ከሌሎች ታዋቂ ደራሲያን ጋር ፈርሟል። ሕጉ የወጣው በ1888 ነው። ያገባች ሴት በራሷ ስም ውል መዋዋልና በላቧ ያገኘችውን ገንዘብ ራሷ ማዘዝ ቻለች፤ የጋራ ንብረቱን የማስተዳደር ሥልጣን ግን አሁንም በባል እጅ ቆየ።