ካሞሚል ለማታ

"የእንቅልፍ ኪኒን አለ?" የሚለው ጥያቄ ወደ መድኃኒት ቤታችን የሚበዛው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ሐዋሳ ውስጥ፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ ከሚወስደው መንገድ ብዙም በማይርቅ ቦታ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ከጠያቂዎቹ መካከል ፈተና የደረሰባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ልጃቸው አረብ አገር ሄዳ ሐሳብ እንቅልፍ የነሳቸው እናቶች አሉ። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ፣ ሌሊቱን ቆመው አንግተው ቀን መተኛት የሚያቅታቸው ወጣት ሴቶችም አሉ። የሚፈልጉት ዲያዚፓም ነው፤ ዲያዚፓም ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሰጥም። ስለዚህ ለጥያቄያቸው የምመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ "የመጨረሻውን ቡና ስንት ሰዓት ላይ ጠጣሽ?"

የሲዳማ ቡና በሚፈላበት ከተማ ይህን መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። ነገር ግን የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣች ሴት፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት አጥፍታ ስትጋደም ገና ግማሹ ደሟ ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ብዙ ሰው ቡናውን ትቶ ማታ ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ ቅጠልም ካፌይን አለው። ቡና ተዉ ብዬ አላውቅም፣ ልልም አልፈልግም። የምለው ቡናው ወደ ጠዋትና ወደ ምሳ ሰዓት ይምጣ፣ የማታው ስኒ ካፌይን በሌለው ነገር ይተካ ነው። እዚህ ላይ ነው መደርደሪያው ላይ ወዳለው የካሞሚል ካርቶን እጄን የምዘረጋው።

ካሞሚል ነጭ ቅጠሎች ቢጫ እምብርትን የከበቡት ትንሽ አበባ ነው። ተክሉ ተዘርቶ፣ አብቦ፣ በዚያው ዓመት ይደርቃል። ዝምድናው ከአገራችን አደይ አበባ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር ነው፤ ይህን ዝምድና ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል። ካሞሚል በስፋት ከሚመረትባቸው አገሮች አንዷ ግብፅ ናት፤ በተለይ ፋዩም በምትባለው አካባቢ። አረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን "ባቡንጅ" እያሉ ያውቁታል። አንዳንዶቹ እኔ ከማስረዳቸው በፊት እነሱ አፈላሉን ያስረዱኛል፤ አሠሪዎቻቸው ቤት ማታ ማታ ያፈሉት ነበርና።

በእኔ እምነት ሰው ይህን ሻይ መጠጣት ያለበት አቅሙን አውቆ ነው። አበባው ውስጥ አፒጀኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር አእምሯችን ውስጥ ዲያዚፓም በሚያርፍበት በዚያው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ጉልበቱ ግን እጅግ ለስላሳ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጭንቀት ሕመም ካለባቸው 57 ሰዎች ለከፊሎቹ ለ8 ሳምንት የካሞሚል እንክብል፣ ለከፊሎቹ ምንም የሌለበት እንክብል ሰጡ። ካሞሚል የወሰዱት ጭንቀታቸው በመጠኑም ቢሆን ከሌሎቹ በተሻለ ቀለለ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ያጡ 34 ሰዎች ላይ ለ28 ቀን ሲሞከር በእንቅልፋቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ሻዩን ራሱን የፈተሸው የታይዋን ጥናት ነው። 80 እናቶች ከወለዱ በኋላ ተመርጠው፣ ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት ካሞሚል ጠጡ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከአካላዊ ሕመም ስሜት የሚመጣው የእንቅልፍ መጓደልና የስሜት መደፈት ቀለለላቸው፤ መጠጣቱን አቁመው አራተኛው ሳምንት ላይ ሲታዩ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ነበሩ።

እንግዲህ ካሞሚል ሰውን አንገቱን ይዞ የሚያስተኛ መድኃኒት አይደለም። ውጥረትን ያላላል፣ ሞቅ ያለ ነገር ወደ ሆድ ይልካል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማታውን ቡና ቦታ ይይዛል። ለብዙዎቹ ደንበኞቼ ይህ በቂ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ላጣ፣ ወይም ሌሊት እየባነነ ለሚያለቅስ ሰው ግን በቂ አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው ካርቶኑን ሸጬ አልሸኘውም፤ ሐኪም ጋ እልከዋለሁ።

አፈላሉ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ከረጢቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀለም እንደወጣ ያነሳዋል። ካሞሚል ጊዜ ይፈልጋል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ተቋም ለአንድ ስኒ፣ ማለትም ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከ1.5 እስከ 4 ግራም ደረቅ አበባ ይላል። በቤት መስፈሪያ አንድ የሾርባ ማንኪያ አበባ ማለት ነው፤ ከረጢት ከሆነ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት። ውሃው ይፍላ፣ ከእሳት ይውረድ፣ አበባው ላይ ይፍሰስ። ከዚያ ስኒው ይከደን። ክዳኑን አደራ እላለሁ፤ የአበባው መዓዛ ዘይት ነው፣ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል። ቤቱን ያወደው ሽታ ከስኒያችሁ ያመለጠ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተከድኖ ይቆይና ይጠለል። እንደ ሻይ ቅጠል ጥዶ ማንተክተክ ምሬቱን ያወጣል እንጂ ጥቅም አይጨምርም። ስኳር እንደ ልማዳችን ሦስት ማንኪያ ከገባበት ጣዕሙ ይጠፋል፤ ጥቂት ማር ይስማማዋል። መኝታ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ሲቀረው ጠጡት። ከዚያ የዘገየ እንደሆነ ሌሊት ለሽንት ይቀሰቅሳል።

ለሆድም ይጠጣል። ምግብ ሲከብድ፣ ሆድ ሲነፋ፣ የወር አበባ ቁርጠት ሲመጣ አንድ ስኒ ትኩስ ካሞሚል ሆድን ያፍታታል። ለጨጓራ ግን ጥንቃቄ እሻለሁ። "ጨጓራ አለብኝ" የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ሰዎች የጨጓራ ባክቴሪያ የሚሉት፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ተህዋስ ይኖርበታል። እሱ የሚታወቀው በምርመራ፣ የሚድነውም ሐኪም በሚያዘው ፀረ ባክቴሪያ ነው። ሻዩ ማቃጠሉን ሲያስታግስ ሰውየው ምርመራውን ለወራት ይገፋዋል። ይህን ስላየሁ ነው የምናገረው።

ቀዝቀዝ ያለውን ሻይ አፉ ወይም ድዱ የቆሰለ ሰው ቢጉመጠመጥበት ያርፋል። ጉንፋን ሲይዝ እንፋሎቱን መታጠን ይቻላል፤ ለሳል ግን እኔ ከካሞሚል ይልቅ የአገራችንን ጦስኝ እመርጣለሁ። ዓይን ማጠብ የሚባለውን ተዉት። አበባው ውስጥ ያለው ብናኝ ዓይን ያስቆጣል፣ በተለይ አለርጂ ያለበትን ሰው።

ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ዝምድና የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የዚህ ዘመድ የሆኑ አበቦች ሲነኩት የሚያሳክከው፣ የሚያስነጥሰው ወይም ዓይኑ የሚቀላ ሰው ካሞሚልን አይሞክር። ሳያውቅ ጠጥቶ ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ካጠረ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይሰጥም፤ "ለቁርጠቱ ትንሽ ካሞሚል" የሚሉ አያቶችን በአክብሮት እመልሳለሁ። ነፍሰ ጡሮች የክትትል ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አዘውትረው ባይጠጡ እመርጣለሁ።

ከሁሉ በላይ የማስበው ግን ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ስለሚወስዱት ነው። በአገራችን በልጅነት ከያዘ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው በሽታ ብዙ ወጣቶች አሉበት፤ አንዳንዶቹ ዕድሜ ልካቸውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የካናዳ የሕክምና መጽሔት ያወጣው ታሪክ አለ። ዋርፋሪን የምትወስድ የ70 ዓመት ሴት ለሳሏ በቀን ብዙ ስኒ ካሞሚል ጠጥታ፣ ቅባቱንም ተጠቅማ፣ የውስጥ ደም መፍሰስ ደርሶባታል። ስለዚህ ካሞሚል ስሸጥ "የልብ ወይም የደም መድኃኒት ትወስጃለሽ?" ሳልል አላስረክብም። ለእንቅልፍ ወይም ለሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱትንም እጠይቃለሁ፤ ድብታው ሊደራረብ ይችላል። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢያቆም ይሻላል።

ለፈረቃ ሠራተኞቹ የምመክረው ትንሽ ይለያል። ከሌሊት ሥራ ወጥተው ጠዋት ቡና ላይ ከሚቀመጡ፣ ቁርሳቸውን በልተው ካሞሚላቸውን ጠጥተው፣ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርደው ይተኙ። ቡናው ሲነሱ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ምኞት አለኝ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው ወንዶ ገነት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ይሠራል፤ ካሞሚልም ካጠናቸው ተክሎች አንዱ ነው። እስካሁን የምሸጠው ካርቶን ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ዋጋውም ከዶላር ጋር ይወጣል። ጓሮ ያላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ዘሩ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው፤ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አይጫንበትም፣ ላዩ ላይ ተበትኖ በእጅ ጫን ጫን ይደረጋል። አበባው ሙሉ ሲፈካ፣ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይለቀማል። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ነፋስ በሚገባው ጥላ ሥር በስሱ ይሰጣል። ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ሲሆን በጠርሙስ ተከድኖ፣ ከምድጃ እንፋሎት ርቆ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ ጥቂቱን በጣታችሁ ፍተጉት፤ ካልሸተተ ለሻይ አይሆንም።