ቦይለር ሲቀየር፦ ስለ ቧንቧው መገጣጠሚያ የሚባለውና እውነታው

አዲስ ቦይለር ሊገዛ የሚወጣ ሰው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ የት ሀገር እንደተሠራና ስንት ብር እንደሆነ ይጠይቃል። ከታንኩ ሥር ስለሚወጡት ሁለት ግማሽ ኢንች ጫፎች፣ ማለትም ቀዝቃዛው ስለሚገባበትና ሙቁ ስለሚወጣበት፣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ያ ለቧንቧ ሠራተኛው ይተዋል። ሠራተኛውም ወጪ እንዳይበዛ በማሰብ ከአሮጌው ቦይለር የፈታውን ዕቃ ጠራርጎ መልሶ ይገጥመዋል። ታንኩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በዚያች ከግድግዳው እስከ ታንኩ ባለች ግማሽ ሜትር ላይ የተሠራ ስህተት ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ሲከፋም ሰው ይጎዳል። ስለዚህች ግማሽ ሜትር በየቤቱ የሚባለው ብዙ ነው። አንዳንዱ ገንዘብ ብቻ ያስወጣል፤ አንዳንዱ ግን ሕይወት ያስከፍላል። ከባሱት ልጀምር።

«ሴፍቲ ቫልቩ እያንጠባጠበ ነው፤ ተበላሽቷልና ይደፈን»

በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የምትገጠመው፣ ጎኗ ላይ ትንሽ እጀታና ትንሽ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ዕቃ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ቦይለሩ በበራ ቁጥር ከቀዳዳዋ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል የቤቱ ባለቤት ይበሳጫል። ከዚያ አንዱ ቀዳዳውን በቡሽ ይወትፈዋል፤ ሌላው ጨርሶ አውልቆ ቀጥታ ኒፕል ያስገባበታል።

ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል። በ80 ሊትር ቦይለር ውስጥ ያለ ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ትርፍ ውሃ ነው። ታንኩ ብረት ስለሆነ አብሮት አይለጠጥም። የሙቅ ውሃው ቧንቧ ተዘግቶ ከሆነ በዚያ በኩል መውጫ የለም። በቀዝቃዛው በኩል ወደ ሮቶው እንዳይመለስ ደግሞ ቫልቩ በውስጡ ባለው የመመለሻ መከልከያ ይይዘዋል። ስለዚህ ግፊቱ ያድጋል፤ ቫልቩ የተሠራበት ልክ ላይ ሲደርስ፣ በቤት ቦይለሮች ላይ ብዙ ጊዜ 8 ባር ነው፣ ትርፉ በጎን ይወጣል። ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት የሚያንጠባጥብ ቫልቭ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

ቦይለሩ ጠፍቶና ውሃው ቀዝቅዞም ሌት ተቀን የሚያፈስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወይ ዝገት ወይም የውሃ ድንጋይ መቀመጫው ላይ ገብቶበታል፤ ወይ ከፓምፕ ወይም ከከተማው መስመር የሚመጣው ግፊት በዝቷል። ለመጀመሪያው እጀታውን ጥቂት ጊዜ ከፍቶ ማጠብ፣ ካልሆነም ቫልቩን በአዲስ መለወጥ ነው። ለሁለተኛው ከቫልቩ በፊት የግፊት መቀነሻ ይገጠማል። መድፈን ለሁለቱም መፍትሔ አይሆንም።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እንደምናገር ላስረዳ። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ተጣብቆ ቢቀርና ውሃው መሞቁን ባያቆም፣ መውጫ የሌለው ታንክ ውስጥ ውሃው ሳይፈላ ከ150 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ግፊቱ መፍላቱን አፍኖ ይይዘዋልና። ታንኩ በዚያ ጊዜ ከተሰነጠቀ ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ከውሃው ከፊሉም ወዲያው ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ደግሞ ከተገኘበት ውሃ ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። የሚፈነዳው ይህ ነው። ቫልቩን አውልቆ በምትኩ ተራ ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም የመመለሻ መከልከያ ብቻ፣ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ታንኩን ከሁለቱም በኩል ያሽገዋል፤ ማስተንፈሻ ግን አይተውለትም።

ስለዚህ ቦይለር ሲቀየር ቫልቩም አብሮ በአዲስ ይቀየር፤ ከአዲሱ ቦይለር ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን መግጠም ይቀላል። ቀጥታ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ይግባ፤ በእሱና በታንኩ መካከል ምንም ዓይነት መዝጊያ አይኑር። በላዩ ያለው ቀስት ወደ ታንኩ ያመልክት። ከማንጠባጠቢያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች፣ ወደ ሻወሩ ወለል ይውረድ፤ ጫፉ ክፍት ሆኖ ይቅር። እጀታውን በወር አንድ ጊዜ ከፈት አድርጎ መዝጋት ከመድረቅ ያድነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን ቪዲዮ አይተው «እዚያ ቫልቩ ታንኩ ላይ ነው እንጂ ቧንቧው ላይ አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። እዚያ በብዛት የሚሠራባቸው ወለል ላይ የሚቆሙ ትልልቅ ታንኮች በ150 ፒኤስአይ ወይም በ210 ዲግሪ ፋራናይት የሚከፈት፣ ሙቀትንም ግፊትንም የሚከታተል ቫልቭ ታንኩ ላይ አላቸው። የእኛው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ግን የተሠራው መግቢያው ላይ ለሚገጠም ቫልቭ ነው። የአንዱን አሠራር አይቶ የሌላውን ማውለቅ አይቻልም።

«ቀዩና ሰማያዊው ቢቀያየርም ውሃው ይሞቃል»

ይሞቃል፤ ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ግድግዳ ላይ ቁሞ በሚሰቀል ቦይለር ሁለቱም ጫፎች ከሥር ቢሆኑም ውስጣቸው ይለያያል። ሰማያዊው ቀለበት ያለበት ቀዝቃዛውን ታች ያስገባል። ቀዩ ያለበት በውስጥ ረጅም ቱቦ ስላለው ሙቁን ከታንኩ አናት ይቀዳል። ሲቀያየሩ ቀዝቃዛው ከላይ በሙቁ ላይ ይፈስሳል፤ ሻወሩ ደግሞ ከታች ለብ ያለውን ያገኛል። «ይሄ ቦይለር አይረባም» ተብሎ ወደ ሱቅ ከሚመለሰው ውስጥ እንዲህ ተገልብጦ የተገጠመ አይጠፋም።

አዲስ አበባን በመሰለ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሌላም መዘዝ አለው። ቀዩ ከአናት ስለሚቀዳ ውሃ ሲቋረጥ ታንኩ በዚያ በኩል አይጎድልም፤ በመግቢያው በኩል እንዳይመለስ ደግሞ የቫልቩ መከልከያ ይጠብቀዋል። ጫፎቹ ተገልብጠው ከሆነ ወይም መከልከያው ከሌለ ግን መስመሩ በደረቀ ቀን ታንኩ ሊጎድል ይችላል። ማሞቂያው ብረት ያለ ውሃ ሲበራ በደቂቃዎች ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል እንጂ መገጣጠሚያውን የሚጠረጥር የለም።

«ብረት ከፕላስቲክ ይበልጣል»

ይህ ከቀደምት ቤቶች የመጣ እምነት ነው፤ በጊዜውም ምክንያት ነበረው። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጠንካራ ነው፤ ሲመታ አይሰበርም። ከዝገት የሚጠብቀው ግን ስስ የዚንክ ልባስ ነው። ውሃው ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ዚንኩ ለብረቱ የሚሰጠው ጥበቃ ይዳከማል፤ እንዲያውም ሊገለበጥ ይችላል። ሙቅ የሚሄድበት የብረት ቧንቧ ውስጡ ቀስ በቀስ እየጠበበ የሚመጣው ለዚህ ነው። የሚረግፈው ዝገትም ሄዶ ሄዶ የሻወሩን ወንፊትና ያቺኑ ሴፍቲ ቫልቭ ይደፍናል።

በሌላ በኩል «ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው» የሚለውም ስህተት ነው፤ እንዲያውም ይህኛው ቶሎ ያፈስሳል። ተራው ፒቪሲ ለቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቅ ሲሄድበት ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል፣ መገጣጠሚያው ይለቃል። ለሙቅ የሚሆነው ፒፒአር ነው፤ እሱም ሁሉም አይደለም። ቧንቧው ላይ የታተመውን ማንበብ ያስፈልጋል፦ ፒኤን 10 ለቀዝቃዛ መስመር ነው፤ ለሙቁ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ፒኤን 20 ነው። የ20 ሚሊሜትሩ ፒኤን 20 ግድግዳው 3.4 ሚሊሜትር ነው። በዓይን እንኳ ሲታይ ወፍራም ነው። ዋጋው ከፍ ማለቱም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ፒፒአር ሲመረጥ ሁለት ነገር አይረሳ። አንደኛው መለጠጡ ነው። ለእያንዳንዱ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.15 ሚሊሜትር ያድጋል። 3 ሜትር ሙቅ መስመር በ50 ዲግሪ ሲሞቅ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ይረዝማል ማለት ነው። በሁለቱም ጫፍ በሲሚንቶ ተይዞ ከሆነ ጎብጦ ክሩን ይገፋል። በመሃሉ የመስታወት ጭረት ያለው ዓይነት መለጠጡ ወደ ሲሶ ይወርዳልና ለረጅም ሙቅ መስመር እሱን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ብየዳው ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ የ20 ሚሊሜትሩ 5 ሰከንድ፣ የ25ቱ 7 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከዚያ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። «ለጥንካሬው» ተብሎ ብዙ ከቆየ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይቀልጥና ቀዳዳውን ያጠብበዋል። ከጣሪያው ሮቶ የሚወርደውና ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል ደግሞ መሸፈን አለበት፤ ፀሐይ ፒፒአርን ታደርቀዋለች።

ወደ ቦይለሩ ሲደርስ የነሐስ ጥርስ ባለው መገጣጠሚያና በዩኒየን ይጨርስ። ዩኒየን ከሌለ ቀጣዩ ቅያሪ ቧንቧ መቁረጥ ይጠይቃል። መዳብ የሚጠቀም ሰው ካለ መዳቡ ከታንኩ ብረት ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ፣ በመሃሉ ፕላስቲክና ጎማ ያለው ዳይኤሌክትሪክ ዩኒየን ያስገባ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በውሃ ውስጥ ሲገናኙ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ የሚበላውም ብረቱ ነው።

ስለ ፍሌክሲብልና ቴፍሎን

ፍሌክሲብል ለቅያሪ ምቹ ነው፤ የአሮጌውና የአዲሱ ቦይለር ጫፎች ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ያስታርቃቸዋል። ግን ላዩ የብረት ሽቦ ስለለበሰ ሁሉም ለሙቅ ይሆናል ማለት አይደለም። ውሃውን የሚይዘው ውስጡ ያለው ጎማ ነው። የሚችለው ሙቀትና ግፊት ላዩ ላይ ወይም መለያው ላይ ካልተጻፈ ለቦይለር አይገዛ። ከነቱ ሥር ወዲያው ከታጠፈ ጎማው ይሰነጠቃል። የአሮጌውን መልሶ መግጠም ደግሞ በጣም ትንሽ ብር አትርፎ ጣሪያውንና የታችኛውን ጎረቤት ማርጠብ ነው።

ቴፍሎን በበዛ ቁጥር አያፈስስም የሚባለውም ልክ አይደለም። የፍሌክሲብሉን ነት የሚያሽገው ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ነው፤ እዚያ ቴፍሎን ሥራ የለውም። ነቱን በእጅ እስኪቆም አጥብቆ በቁልፍ ጥቂት መጨመር ይበቃል። ቴፍሎን ወይም ቃጫ የሚያስፈልገው ኒፕሉ በክር ብቻ በሚገባበት ቦታ ነው። በማጥበቂያው አቅጣጫ ይጠቅለል። እጅግ ሲወፍር የፕላስቲኩን መገጣጠሚያ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ በዕለቱ ላይታይ ይችላል።

«ቧንቧው ሲሰፋ ግፊቱ ይጨምራል»

ግፊትን የሚሰጠው የሮቶው ከፍታ ነው፤ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ገደማ። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከሆነ ምንም ዓይነት ሰፊ ቧንቧ ተጨማሪ ግፊት አይፈጥርም። ጠባብ ቧንቧ፣ ብዙ ኤልቦና ጠባብ ፍሌክሲብል ግን ያለውን ጥቂት ግፊት ይበሉታል። ስለዚህ ሮቶው ዝቅ ባለበት ቤት እስከ ቦይለሩ ድረስ በ25 ሚሊሜትር መምጣትና ኤልቦ መቀነስ ጥቅም አለው፤ ተአምር ግን አይጠበቅ።

«ፕላስቲክ ስለሆነ አይነዝርም»

የብረቱን መስመር በፒፒአር የቀየረ ቤት ይህን ልብ ይበል። የድሮው የብረት ቧንቧ መሬት ውስጥ ስለሚገባ፣ ማንም ሳያስበው፣ ከቦይለሩ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ ማለፊያ ሆኖ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ቧንቧው ፕላስቲክ ሲሆን ያ መንገድ ይቋረጣል። ውሃው ራሱ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የማሞቂያው ብረት ልባስ ከተሰነጠቀ ሻወር ሥር የቆመው ሰው ማለፊያ ይሆናል። ስለዚህ ቧንቧ የቀየረ ሰው ያንኑ ቀን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ፣ ኧርዝ የሚሉት የመሬት ሽቦ በትክክል መታሰሩን ያስፈትሽ፤ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚያቋርጥ ብሬከርም ያስገጥም። አሮጌው ከመፈታቱ በፊትም ብሬከሩ ይውረድ፤ የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

«አብሩት፤ ራሱ ይሞላል»

ታንክ ራሱን የሚሞላው አየሩ መውጫ ሲያገኝ ነው። ቀዝቃዛው ተከፍቶ፣ የሻወሩ ሙቅ መስመርም ክፍት ሆኖ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ከዚያ እየተንተፋተፈ ይመጣል፣ በመጨረሻ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ማብሪያው ሊነካ የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ውሃው ሳይሞቅ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይነካ፤ ሶፍቱ ከረጠበ ያፈስሳል። የመጀመሪያው ሙቀት ሲያልቅ እንደገና ይነካ፤ በማግስቱ ቀዝቅዞም አንድ ጊዜ። ፕላስቲኩ ተለጥጦ ሲመለስ የሚላላ መገጣጠሚያ ካለ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና፣ ለሠራተኛው የሚከፈለው ቀሪ ሒሳብ እስከ ማግስቱ ቢቆይ ማንም አይጎዳም።