ወሬው ያለው ጠርዙ ላይ ነው

አየር ላይ ግፊቱ አምልጦበት ያረፈ አውሮፕላን ሲገጥመን የሁሉም ዓይን የሚሮጠው ወደ ቀዳዳው ነው። ለእኛ የአውሮፕላን አካል ለምንጠግን የስትራክቸር ሰዎች ግን ቀዳዳው ብዙም አይነግረንም፤ ወሬው ያለው ተቀዶ በቀረው ጠርዝ ላይ ነው። ለዚህ ነው ወጣቶቹን አስቀድሜ የማስጠነቅቀው፦ በጨርቅ አትጥረጉ፣ በጣት አትንኩ፣ የተለያዩትን ጫፎች ልክ ናቸው ወይ ብላችሁ አታገጣጥሙ። ጫፍ ከጫፍ ከተፋተገ ማስረጃው ይጠፋል።

በማጉያ መነጽር ሲታይ በአንድ ጊዜ የተገነጠለው ሻካራ ነው፣ ያብረቀርቃል። ቀስ እያለ የተሰነጠቀው ለስላሳና ደብዛዛ ነው፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የሪቬት ቀዳዳ ነው።

ሁሌ የማነሳላቸው የአሎሃ አየር መንገድን በረራ 243 ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988 ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረ ቦይንግ 737-200 በ24,000 ጫማ ከፍታ ላይ ከፊተኛው አካሉ 18 ጫማ ያህሉ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ። ካፒቴን ሮበርት ሾርንስታይመርና ረዳት አብራሪዋ ማዴሊን ቶምኪንስ ያንን ጣሪያ የሌለው አውሮፕላን ካሁሉዊ ላይ አሳረፉት፤ ከ95ቱ ሰዎች 94ቱ ተረፉ።

አውሮፕላኑ በሃዋይ ደሴቶች መካከል ሲመላለስ 89,680 በረራ አድርጎ ነበር። በእያንዳንዱ በረራ ቆዳው በካቢኑ ግፊት ይወጠራል፣ መልሶ ይላላል። የቆዳው መደራረቢያ ላይ የነበረው ማጣበቂያ ለቀቀ፣ እርጥበት ገባ፣ ዝገት ተከተለ፤ ማጣበቂያው ሊሸከመው የሚገባው ጭነትም ወደ ሪቬቶቹ ዞረ። ቆዳው 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የሪቬቱ ራስ እንዲቀበር ሲቦረቦር የቀዳዳው ጠርዝ ከልክ በላይ ሳሳ። አንድ ስንጥቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የማጠናከሪያው ማሰሪያ ጋ ሲደርስ አቅጣጫውን እንዲለውጥ ነበር የታሰበው። ነገር ግን በአንድ ረድፍ ካሉ ብዙ ቀዳዳዎች የተነሱ ጥቃቅን ስንጥቆች ተገናኙና ቆዳው እንደ ደብተር ወረቀት በቀዳዳው መስመር ተቀደደ።

አንዲት ተሳፋሪ ሂሎ ላይ ስትሳፈር ስንጥቅ አይታ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። እሷ ላይ አልፈርድም። መርማሪው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ (ኤንቲኤስቢ) ዋናውን ጉድለት ያስቀመጠው የጥገና ፕሮግራሙ ላይ ነው። ሪፖርቱ የፍተሻ ሥራውን አስቸጋሪነትም አንስቷል፤ አውሮፕላኑ ቀን ስለሚበር ሥራው የሌሊት ነው፣ አንድ ዓይነት ሪቬት ደግሞ በብዙ መቶ ይታያል። ይህንን ሥራ የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ ዓይን ተከፍቶ ማየት ያቆማል።

ስለዚህ ባትሪውን ፊት ለፊት አናበራም፤ ከጎን፣ ከቆዳው ጋር አስጠግተን እንጂ። ከስር ዝገት የነፋው ቆዳ ያኔ ጥላ ይጥላል። ከሪቬቱ ራስ ወደ ኋላ የተጎተተች ጥቁር ጭረት ካለች ሪቬቱ ላልቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ኤዲ ከረንት የተባለው በኤሌክትሪክ ስንጥቅ የሚፈልገው መሣሪያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ቀላል ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2002 ታይዋን አቅራቢያ አየር ላይ ተበታትኖ 225 ሰው ያለቀበት የቻይና አየር መንገድ በረራ 611 ጭራው በ1980 መሬት ነክቶ ተጠግኖ ነበር፤ ስንጥቁ ያደገው ከጥገናው ልባጥ ስር ነው። ከአደጋው በፊት በተነሱ ፎቶዎች ላይ በልባጡ ዙሪያ እድፍ ይታያል።

መርሐ ግብር ለሚያወጡ ባልደረቦቼ የምለው ይህንን ነው፦ አንድን ረድፍ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ስልክ አትደውሉለት። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ረድፍ አይመልከት፤ ይቀየር። ተረካቢውም የቀድሞው ካቆመበት ሪቬት ሳይሆን ጥቂት ወደ ኋላ መልሶ ይጀምር። አውሮፕላኑ ጠዋት ለበረራ ካልደረሰ፣ የዘገየበትን ምክንያት ለመንገደኛው ራሴ ቆሜ አስረዳለሁ።